ውሃው ያዘነበለበት ሳሎን

ለወንድሜ ለግዛቸው፣
ሎጊያ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? በስልክ አንቱ ስልህ ምነው ሸመገልኩ እንዴ ብለህ ስለተቆጣኸኝ ይኸው አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ፤ ድፍረት አድርገህ እንዳትይዝብኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ ነበር፤ መኪና ሥር ተኝቶ መሥራቱን ቀነስክ ወይስ ጭራሽ ባሰብህ? ባለቤትህ አብርሆት እንዴት ናት? ልጃችሁ ኤሊ ትምህርት ጀመረ? ያ የሎጊያ ነፋስ ስልኩ ውስጥ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ሰው እዚያ እንዴት ይኖራል እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ዝናቡ ግን ዘንድሮ አልለቀቀንም፤ ኅዳር ገብቶም ልብስ አይደርቅም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። የዙሌካ ሱቅ ስልክ ላይ ቆሜ የማወራውን ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ይሰማዋል፤ ይህ ደግሞ እዚያ የሚወራ አይደለም። አንተም የእማዬን ስም ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ተበላሸ ትላለህ። ስለዚህ የምፈልገውን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ እንድትመጣ ነው የምፈልገው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦንጋን አልረገጥክም። የዛሬ አምስት ዓመት አባባን ስንቀብር እንኳ አልመጣህም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ትሁት የምትባል የአራት ዓመት እህት ነበረችን፣ ጠብቃት ተብለህ ጨዋታ አማልሎህ ጥለሃት ሄድክ፣ ምንጭ ውስጥ ገብታ ሞተች። ያኔ አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር፣ እኔ ገና ሁለት። ለቀብሩ ስትቀር ይህንን ከዚያ ጋር ደምሬ ክፉኛ ጠላሁህ። ዛሬ ግን እማዬ በየቀኑ የምትቀመጥበት ወለል ከሥሯ እየሄደ ነው፣ እኔ ብለምናት ደግሞ አትነሳም። እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ ወስን።

ነገሩ የጀመረው በዓሣ ነው። ሳቅ፣ ግዴለህም። ሰኔ ላይ እዚህ ቢሮ የነበረው አንድ የውጭ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ዕቃውን ሸጠ። ሰው በወንበርና በጠረጴዛ ሲሻማ እኔ አኳሪየም ይዤ ቤት ገባሁ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ የመስታወት ሣጥን፣ ለአራት ተሸክመን ያመጣነው። እማዬ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ስትለኝ የዓሣ ቤት ነው አልኳት። ዓሣ ቤት የለውም እንዴ ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እንዲህ ያለ መስታወት ውሃ ሲሞላ ሦስት ኩንታል ይመዝናል። ያንን የሚሸከም ጠረጴዛ ቦንጋ ገበያ ላይ የለም፤ እኔ ደግሞ የእንጨት ሥራ መምህር ነኝ እያልኩ ሌላ ሰው አላሠራም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ከሺሺንዳ ደህና አድርጎ የደረቀ ዋንዛ አስመጣሁ። እግሮቹን አሥር በአሥር ሳንቲም አደረግኳቸው፤ አራት በበቃ፣ እኔ ሁለት መሃል ላይ ጨምሬ ስድስት አቆምኩ። መገጣጠሚያውን ለሚስማር አላመንኩትም፤ አንዱን በመሮ ፈልፍዬ የሌላውን ጫፍ አስገባሁበትና በኮላ አጠበቅኩት። ዙሪያውን ከታች በአግዳሚ አሰርኩት፤ እንዳይወዛወዝም ከጀርባው ሁለት እንጨት አጣምሬ መታሁለት። በመጨረሻ ላዩ ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት። ድምፅ እንኳ አላሰማም። መኩራቴን አልደብቅህም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው እየጠራሁ አሳየሁ።

ከጠራኋቸው አንዱ ጋሽ ደምመላሽ ነበሩ። ታስታውሳቸዋለህ፣ ይህን ቤት ከአባባ ጋር የሠሩት ግንበኛ፤ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። እንጨቱን በእጃቸው ዳብሰው አመሰገኑኝ። የት ልታቆመው ነው አሉኝ። ሳሎን፣ ከጓዳው በር አጠገብ ስላቸው ዝናብ መጣ ብለው ሄዱ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ሳሎኑ ውስጥ አቆምኩት። ውሃ ልኩን በአራቱም ጎን አስቀምጬ አየሁ፤ ልክ ነው። አሥራ አምስት ጀሪካን ውሃ ከአፉ ሁለት ጣት እስኪቀረው ሞላሁበት፤ ውሃው ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር እንደ መስመር ተስተካክሎ ቆመ። ከጎጀብ ወንዝ ሰባት ትናንሽ ዓሦች አስመጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየልኝ። እማዬ ብቻ አልመጣችም፤ በጓሮ በር ወጥታ ጎመን ስትኮተኩት ዋለች።

በሳምንቱ ውሃው አዘንብሎ አገኘሁት። በአንዱ ጫፍ ከአፉ የጎደለው አንድ ጣት፣ በሌላው ሦስት ጣት። እንጨቱ ነው ብዬ አፈርኩ፣ ጣውላ ላግኩና ከእግሮቹ ሥር ወሸቅኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ጥግ፣ የጓዳው በር ያለበት፣ እንደገና ወርዷል። ሦስተኛ ጊዜ ሁሉንም ቀድቼ አወጣሁና እግሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ። የፀጉር ያህል ልዩነት የላቸውም። ግን በዚያ ጥግ ያሉት ሁለት እግሮች አንድ ስንዝር ያህል ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። የወለሉን ሊሾ በመዳፌ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። መስታወቱም አያፈስም። መልሼ ሞላሁት፤ አንድ ወር ሙሉ ጠብታ ሳልጨምርበት ውሃው አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም።

ዓሦቹን ደግሞ ብታይ። ሰባቱም በዚያ በወረደው ጥግ ተጠጋግተው አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው ይቆማሉ። ዳቦ ፈርፍሬ በሌላው ጫፍ ብበትን አይነቃነቁም። እስቲ ብዬ ውሃውን ቀንሼ፣ ጎረቤት አግዞኝ መስታወቱን አዞርኩት፤ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስታወቱ ሌላ ጫፍ፣ በቤቱ ግን በዚያው ጥግ ቆመው አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሳሎን መቀመጥ ፈራሁ። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ዓሣ ፈራ ብለህ ሳቅብኝ፤ ፈርቻለሁ።

ያኔ ነው እማዬን ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። ወንድም ጋሼ፣ በዕድሜዬ ሙሉ እማዬ በሳሎኑ መሃል ስታልፍ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ዞራ ነው ወደ ጓዳ የምትገባው። ልማድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በርጩማዋን አምጥታ ከመስታወቱ አጠገብ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ስገባ በካፊኖኖ ቋንቋ ስታወራ ሰማሁ፤ የጎረቤት ሕፃን ይዛ መሰለኝ። ነይ ውጪ፣ ይበርድሻል፣ ቀሚስሽ ረጠበ ትላለች። ገባሁ። ከእሷና ከዓሦቹ በቀር ማንም አልነበረም። ከማን ጋር ነው ስላት ከማንም አለችኝ፤ ቀጥላም ልጄ፣ እንጨትህን አትነካካው፣ እንጨትህ ልክ ነው አለችኝ።

ሮጬ ጋሽ ደምመላሽን ጠርቼ አመጣኋቸው። ገብተው እማዬን አዩ፣ እሷም አየቻቸው። በምርኩዛቸው ሊሾውን መታ መታ አደረጉ። በሩ አካባቢ ድንጋይ ድንጋይ ይላል፤ ጥጉ ላይ ሲደርሱ እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ። ከዚያ ጩኸት በኋላ ከሥር ሌላ ድምፅ መጣ፣ ሰው ውሃ እየጠጣ ትንፋሹን ሲውጥ የሚያሰማው ዓይነት። ሦስታችንም ሰማነው። ጋሽ ደምመላሽ ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝና እዚያ ነገሩኝ። ምንጩ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚሁ ነው። አባባ ትሁትን ቀብሮ ሲመለስ ምንጩን በድንጋይ ሞላው፤ እማዬ ዳግም እንዳታየው ብሎ ሳሎኑን ከላዩ ሠራበት። አንተም ወንድም ጋሼ ስድስት ቀን ድንጋይ ተሸክመሃል አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳላውቅ ያደግኩት እኔ ብቻ ነኝ። ውሃው መንገዱን አግኝቶ አፈሩን ከሥር እየወሰደው ነው፣ ይህ ወለል ከሚመጣው ክረምት አያልፍም አሉ።

ተመልሼ ገብቼ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንተን ረገምኩ። ይህ ሁሉ በእሱ ነው አልኩ። እማዬ ተው አለች። ደገምኩት። ያን ጊዜ አንገቴን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና የነገረችኝን አንድም ሳልጨምር እጽፍልሃለሁ፤ ጻፍለት ያለችኝም እሷው ናት።

ያን ቀን ትሁት ከእሷ ጋር ነበረች። አንተን በቆሎ አሸክማ ወፍጮ ቤት የላከችህ ራሷ ናት። አጥር ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ወሬ ይዛ ዘገየች። ጩኸት ሲሰማ ሮጠች፣ አባባም መጣ፣ ልጅቷን አወጧት። አባባ ከማን ጋር ነበረች ብሎ ሲጮህ እማዬ ፈራች። አንተ ገና በአጥሩ በር እየገባህ ነበር። እጇ ወደ አንተ ጠቆመ። ዱቄቱ ትከሻህ ላይ ነበር ወንድም ጋሼ፣ ፀጉርህ ሁሉ ነጭ ነበር አለች፤ አባባ ግን በዚያ ሰዓት ዱቄት የሚያይ ሰው አልነበረም። አንተ እማዬን አየሃት፣ ከዚያ አቀርቅረህ አዎ፣ እኔ ነኝ አልክ።

ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ኖርክ፣ አባባ በስምህ እንኳ ሳይጠራህ። ከዚያ ሄድክ። እሷ ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል አባባም ሞተ። እኔ ይህን ስሰማ ምን እንዳደረግኩ አልነግርህም። ይቅር በለኝ። በጠላሁህ ዓመታት ሁሉ ፋንታ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ብጠይቅህ ኖሮ።

ባለፈው እሑድ የሰፈሩ እድር ሲሰበሰብ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ መሃል ቆመችና ይህንኑ ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች። ልጄ ወፍጮ ቤት ነበር አለች። ጋሽ ደምመላሽ አለቀሱ። አሁን ቦንጋ ውስጥ አንተን በክፉ የሚያነሳ ሰው የለም።

ዓሦቹን ወደ ጎጀብ መልሻለሁ። መስታወቱን ባዶ አድርጌ ከነመቆሚያው ደጅ አውጥቻለሁ። ሳሎኑን አፍርሰን ምንጩን ልንከፍተው፣ ዙሪያውን በድንጋይ ልናጥረው ወስነናል፤ እማዬ ናት የፈለገችው። ግን መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር እሱ ሳይመጣ አይነካም ትላለች። መቆሚያው በነበረበት ጥግ፣ ሊሾው በተሰነጠቀበት፣ በርጩማዋን አድርጋ ትውላለች። ስንጥቁ አሁን ጣት ያስገባል። ብጎትታት፣ ብቆጣት፣ ብለምናት አትነሳም፤ ልጄ ሲመጣ እነሳለሁ ነው የምትለው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩን ክፍት ትቼላት ነው የምሄደው። እባክህ ናልን።

አብርሆትን በስሟ ጠርተህ ሰላም በልልኝ፤ ያላየኋት እህቴ ናት። ኤሊን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ። ጋሽ ደምመላሽ ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል። ዙሌካም ሰላም ብላሃለች፤ ስልክ ብትደውል እኔ እስክመጣ መስመሩን ይዤ እጠብቃለሁ ብላለች። የእማዬን ሰላምታ አልጻፍኩም። ልጻፍልሽ ወይ ብላት፣ እሱ ፊት ሳልቆም ሰላም ለማለት ምን አፍ አለኝ አለችኝ።

ወንድምህ ሳሙኤል
ቦንጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.