መስኮቱን ከፈትኩት፣ ይሁኔ

ለሆዴ፣ ለይሁኔ፤

«እንደምን ከረምክ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። መልስ ከማይልክ ሰው ደህንነት አይጠየቅም። ከተለየኸኝ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እሱም እየወጣ ነው። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ። ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ፣ ተዝካርህን ስናዘጋጅ አለፈ። ይሄኛው ግን ብቻዬን አገኘኝ። በጎረቤት አላማርርም፤ የብቸና ሰው ደግ ነው። ግን ሲመሽ ሁሉም በሩን ይዘጋል፣ እኔም እዘጋለሁ፤ ከዘጋሁ በኋላ የማወራው ሰው የለም። እኔ ደግሞ ሳላወራ ማደር እንደማልችል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። ጽሕፈቴ ያው የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው፤ እንዳትስቅብኝ።

የስፌት ቤትህን ስልክ የሚጠግን ሰው ተከራይቶታል። በሩ ላይ የሳልከው መቀስ እስካሁን አለ፤ አላጠፋውም። የስፌት መኪናህን ቤት አምጥቼ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። የመኝታ ክፍላችንን ግን እንደተውከው ነበር የተውኩት። ጋቢህ ከምስማሩ ላይ፣ የከሰል ካውያህ ከአልጋው ሥር፣ መስኮቱም አንተ እንደደፈንከው። በዚያ ክፍል ውስጥ የካውያው ከሰልና የመኪናው ዘይት ሽታ ነበር፤ ያንተ ሽታ። እሱ እንዳይወጣብኝ በሩን እንኳ ገርበብ አድርጌ ነበር የምገባው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጃችን ትዕግስት ስንት ዓመት የለመነችው ዝውውር ተሳካላት። ከሞጣ ለቃ እዚሁ ብቸና ልታስተምር፣ ከእኔ ጋር ልትኖር መጣች። ባሏ እንደምታውቀው ሥራው ሩቅ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ልጇን ማሂን ይዛ፣ ፍራሽና ድስቷን ጭና ስትመጣ የተሰማኝን ደስታ ብነግርህ ትቀናለህ። ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ። የልጅቱን ሩጫ ብትሰማው! አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንዳንተ ሰውን አፍ ለአፍ ትመልሳለች።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ማሂ እኛ ክፍል በተኛች በጥቂት ቀን ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ሞጣ ሳሉ ሐኪም አስም አለባት ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ ግን እዚያ ሳለች ረስታው ነበር የምትኖረው። እዚህ ከእጇ አልለይ አለ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ትዕግስት ዕቃዋን ልታመጣ ሞጣ ይዛት ሄደች፤ ልጅቱ እዚያ ደህና ሆነች። ተመልሰው ሲመጡ ያው ሲጥ ሲጥ። እናቷ የደረቷን መግባትና መውጣት እያየች ፊቷ ጠቆረ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ እዚህ ቤት ልጄን አላሳድራትም» አለችኝ። ሌላ ቤት ልትፈልግ፣ ካልሆነም ወደ ሞጣ ልትመለስ ነው። አልፈረድኩባትም፤ እኔም እናት ነኝ። ግን ይሁኔ፣ ሰው ያየ ቤት መልሶ ባዶ ሲሆን ከመጀመሪያው ይብሳል።

ጎረቤቱ ሁሉ ያለው አንድ ነው፤ ብርድ ነው፣ መስኮቱን አጥብቂው። እኔም ያን ነው ያመንኩት። ካንተ ጋር ዕድሜዬን ኖሬ ሌላ ምን ላምን? አንተ እኮ ከጅብ ይልቅ ንፋስ የምትፈራ ሰው ነበርክ። ደጀንን አልፈን ስንሄድ፣ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ፣ አንዲት ሴትዮ መስኮት ብትከፍት «ዝጊው፣ ልትፈጂን ነው!» ብለህ ጮህክባት። ጋቢ ለብሰህ፣ ላብህ በአፍንጫህ እየተንጠባጠበ! ያን ጊዜ አፍሬብህ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ።

የክፍላችንንም መስኮት እንዲሁ አድርገህ ነው የቀበርከው። ሐምሌ በገባ ቁጥር ከስፌት ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ይዘህ ትመጣና፣ በመቀስህ ጫፍ በየስንጥቁ እየጠቀጠቅህ ትደፍነዋለህ። ሲበጋም አታወጣውም። ከዓመት ዓመት በላዩ ላይ ትጨምርበታለህ። ሳልህ ሲብስ ደግሞ ላስቲክ አምጥተህ በምስማር መታህበት። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ የሚመስለውን ነጠብጣብ ትዝ ይልሃል? ለእንቁጣጣሽ ኖራ ትቀባዋለህ፣ ግድግዳው ይነጣል፣ በዓመቱ ጥቁሩ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁንም ትቀባዋለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሰው ብቻ ይመስለን ነበር።

ትዕግስት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳ ሐያት የምትባል የአካባቢ ጤና ባለሙያ ለምና አመጣች። የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አንተም ከእሱ ሳትገዛ አልቀረህም። ገብታ ሰላም ካለችኝ በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ማሽተት ነበር። ቀጥላ አልጋውን አስነሳች፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በባትሪ አየች፣ የኮርኒሱን ጨርቅ ገለጥ አደረገች፣ ውጪ ወጥታ አሸንዳውን ተመለከተች። ከዚያ መስኮቱ ፊት ቆመችና፣ «እማማ፣ ይህን መስኮት ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ ነው?» አለችኝ። እኔም ለካ አላውቀውም። ትዕግስት ሕፃን ሳለች ይሆናል።

ጥጥ በረኪና ውስጥ ነክራ ጥቁሩን ነካ ነካ አደረገችው። ጥላሸት ቢሆን ባለበት ይቀር ነበር አለች፤ እሱ ግን ዓይናችን እያየ ፈዘዘ። ሻጋታ ነው። ያው እንጀራ ላይ የሚወጣው ዓይነት፣ ግድግዳ የሚበላ። ትልልቅ ከተማ አየሩን በመሣሪያ የሚመረምሩ አሉ፣ ነገር ግን ዓይን እያየው ስሙን ፍለጋ ከመድከም ማጥፋቱ ይሻላል አለችን። ብናኙ ለጤነኛ ሰው ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ሊሆን ይችላል፤ አስም ላለበት፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህን ስትናገር ማሂን አላየሁም። ያንተን ጋቢ ነበር የማየው።

ከዚያም ላስቲክ ቆርጣ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቃ ለጠፈችው። ቆይተን ስንገልጠው ከላስቲኩ በስተውስጥ፣ ግድግዳው በኩል ውኃ ከተገኘ፣ እርጥበቱ ከውጪ በግድግዳው እየሰረገ ነው ማለት ነው። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከተገኘ ደግሞ ከክፍሉ አየር ነው። ያን ላስቲክ እያየሁ የጸለይኩትን ብነግርህ ትገረማለህ። ውኃው ከውጪ እንዲሆን ነው የለመንኩት። ከውጪ ከሆነ አሸንዳ ይጠገናል፣ ቦይ ይቆፈራል፤ መስኮትህ እንደደፈንከው ይቀራል።

ሐያት ተመልሳ መጣች። በግድግዳው በኩል ደረቅ ነበር። ውኃው ወደ እኛ ባለው ፊት ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ያሰጣሁት ልብስ፣ አንተም ታመህ ቤት ከዋልክ ጀምሮ እርጥብ ጨርቅ ደርበህ ስትተኩስ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይቀመጥ እንደነበር አስረዳችን። «ከሁሉም ደግሞ ትንፋሻችሁ ነው» አለች። ማታ ስንተኛ የተነፈስነው፣ ከዓመት ዓመት።

ጠየቅኳት። ባሌን የገደለው ይሄ ነው ወይ አልኳት። ትዕግስት እጄን ያዘችኝ። ሐያትም፣ እንዲህ ነው ብዬ ልነግርዎ አልችልም አለችኝ፤ የጨርቅ ብናኝ አለ፣ የከሰል ጭስ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ሻጋታው ሳሉን አብሶት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። አመሰገንኳት። ቁርጡን ብትነግረኝ ኖሮ የማደርገውን አላውቅም ነበር። አንተ ብርድ እንዳይነካኝ ብለህ ነው የደፈንከው፤ የእኔን ወገብ እያሰብክ። ይህን ማንም እንዲነካብህ አልፈልግም።

እንዴት እንደሚጸዳ አሳይታን ሄደች፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አዘገየሁት። ትዕግስት የሰነፍኩ መሰላት። ግድግዳውን እንዴት ልጠበው? ትንፋሻችሁ ነው ብላኛለች እኮ። ግማሹ ያንተ ነው። ፎቶህ አለኝ፣ መቀስህ አለኝ፤ ትንፋሽህን ያገኘሁት ግን እዚያ ጥቁር ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ቀን ቀን ሲወጡልኝ እገባና አልጋው ላይ ተቀምጬ አየው ነበር። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። የሚያስቅ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ እስቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት ማሂ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ግቢ ስላት፣ «እማማ፣ ያንቺ ቤት አየር የለውም» አለችኝ። አልቅሳ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ዝናብ የለም እንደሚል ሰው እንዲሁ ነው ያለችው። ተነሥቼ ጉጠት ፈለግሁ።

ላስቲኩን ነቀልኩት፣ ከዚያ ጨርቁን አንድ በአንድ መዘዝኩት። ይሁኔ፣ የብቸና ሰው ሁሉ ከመስኮታችን ውስጥ ወጣ። ሰማያዊው የተማሪ ቤት ልብስ፣ የቄሱ ካባ ገበር፣ ለጥምቀት የሰፋሃቸው ጥለቶች፣ ትዕግስት ስትመረቅ የለበሰችው ቀሚስ ጫፍ። ከሁሉ በታች፣ ለመልሳችን የሰፋህልኝ የቢጫው ቀሚስ ቁራጭ። ከሁሉ በላይ የነበረውን ግን አላወቅሁትም ነበር፤ ዘርግቼ ሳየው የራስህ ሸሚዝ እጅጌ ነው። ያን የመጨረሻ ሐምሌ ስፌት ቤት የምትሄድበት አቅም አልነበረህም። ለካ ልብስህን ቀደህ ነው የደፈንከው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም አይደል፣ ለቀብርህ ያላለቀስኩትን ያን ዕለት አለቀስኩት።

አጥቤ ላስቀምጣቸው ነበር ሐሳቤ። ግን ሁሉም በስብሶ ጠቁሯል፤ ቢጫው ጣቴ ላይ ተበጣጠሰ። ሐያትም አይቀመጥም ብላለች። ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። እድር አልተጠራ፣ ድንኳን አልተተከለ፤ ዶማውና እኔ ብቻ ነበርን።

በማግስቱ ትዕግስትና እኔ አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ብናኙ እንዳይነሣ በእርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን በሳሙና አጠብነው፣ ቀጥለን በረኪና። የጥጥ ፍራሹ ተጣለ። አልጋው ከግድግዳው ራቅ አለ። ልብስ አሁን ውጪ፣ ከታዛው ሥር ነው የሚሰጣው። መስኮቱ ዝገት ይዞት አልከፈት ብሎ ነበር፤ የስፌት መኪናህን ዘይት ጠብ ባደርግበት እሺ አለ። ብርሃን ገባ። የጓሮው ባሕር ዛፍ ታየኝ፤ ከአልጋችን ባሕር ዛፍ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። ሽታህ ግን ወጣ። ጋቢህን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ፈለግሁት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሐያትን እመርቃታለሁ፤ ለዚህ ነገር ግን ይቅርታ አላደርግላትም።

ማሂ ፈጽማ ዳነች አልልህም፤ መድኃኒቷ ከትራሷ ሥር ነው። ግን እነሆ ሳምንታት ሆኑ፣ አልነካችውም። ትዕግስት ሻንጣዋን ፈታ ልብሷን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቅላለች። ይቆያሉ።

ድሮ አንተ በሕይወት መኖርህን የማውቀው በሳልህ ነበር። ጓሮ ሆኜ ሳልህን ስሰማ፣ አለ እል ነበር። ከሄድክ ወዲህ የቤቱ ዝምታ ነው ያስጠላኝ። ዛሬ ማሂ ከምሳ በኋላ አንተ ቦታ ላይ ተኝታ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ብሰጥ ምንም የለም። ደንግጬ ሄድኩና እጄን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ እጄን ነካው፤ ያለ ድምፅ ይገባል፣ ያለ ድምፅ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዝምታም አለ ለካ። አጠገቧ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልህ፤ መስኮቱ እንደተከፈተ ነው።

ይበርዳል፤ አልዋሽህም። ጋቢህን ደርቤዋለሁ፣ ወገቤንም ይዞኛል፤ እያንዳንዷን ንፋስ አንተን እየሰደብኩ ነው የምቀበላት። ትንፋሽህን ከግድግዳው ላይ አጥቤዋለሁና እረሳሃለሁ ብለህ እንዳትሰጋ። ብርድ በነካኝ ቀን ሁሉ አስታውስሃለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ ብርድ የማይነካበት ቀን የለም።

ያንተው ዘውዴ
ከብቸና