ቀንድ አውጣውና ዛጎሉ በእማሆይ ሳህን

ሰኞ፣ ፍኖተ ሰላም

ተገኘ! ላህ ወንዝ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጭቃውን ስዳብስ አንድ ዛጎል አገኘሁ፤ በሕይወት ያለ፣ ሁለት ክዳኑን ግጥም አድርጎ የዘጋ። ቀንድ አውጣውን ከአጥራችን ለቀምሁት። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ክፍሌ ገብቶ ሁለቱን ለተማሪዎቼ ሳነጻጽር ያያል። መጽሐፉ ሥዕል የለውም፤ አሁን ምን ገዶኝ! ከማድ ቤት ሳህን አንሥቼ፣ ውኃ ሞልቼ ሁለቱንም ጨመርኋቸው።

ማክሰኞ

ቀንድ አውጣው ሞተ። አብጦ ከቀፎው ወጥቶ አገኘሁት። «ዛጎል እንደ ዓሣ በስንጥብ፣ ቀንድ አውጣ በሳንባ ይተነፍሳል» ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ሞኝ!

የባሰው ሌላ ነው። ሳህኑ ለካ የቤት አከራዬ የእማሆይ የጾም ሳህን ኖሯል። «የማይበላ ፍጥረት ገብቶበት ዕቃዬ ረከሰ እኮ ልጄ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። ሳህኑን አጥር ሥር አስቀመጡት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

አዲስ ልግዛልዎት አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታሁን ሲዘምት የሰጠኝ ነው።»

ጌታሁን አንድ ልጃቸው ነው። ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ የለም። በሌላ ዕቃ አልበላም ብለው ከትናንት ጀምሮ ቆሎ ብቻ ነው የቀመሱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በምሳ ሰዓት ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድሁ። አስተማሪ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከታየ በአብዮቱ የውይይት ክበብ ለሂስ ይነሣበታል። ፈራሁ፤ ግን ሄድሁ። አባ ነገሩን ሲሰሙ «የየብሱን ዋና ልታስተምሪው ኖሯል?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩበት። እማሆይ ሳህኑን ስመው ተቀበሉኝ።

ሐሙስ

ትምህርቱ ሰመረ! ዛጎሉን በጣሳ ውኃ፣ ሌላ ቀንድ አውጣ ደግሞ በደረቅ ካርቶን ይዤ ገባሁ። ተቆጣጣሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ። የፊተኛው እንዴት እንደሞተ አልደበቅሁም፤ ተማሪዎቼ ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያ ገባቸው።

ቤት ስደርስ እማሆይ በሳህናቸው ሽሮ እየበሉ ነው። እንባዬ መጣ። ጣሳው ውስጥ ያለውን ዛጎል ትክ ብለው አዩት።

«ካገኘሽበት መልሺው ልጄ። እናቱ ትፈልገው ይሆናል።»

ዛጎል እናቱን አያውቃትም፤ እናቱም አትፈልገውም። ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። አልነገርኋቸውም። ሳይመሽ ጣሳዬን ይዤ ወደ ላህ ወረድሁ።