የብዙ ሰው ፍላጎት በአንድ ሣጥን፦ የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ክንዱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ክንዱ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ መርስዔ ኀዘንና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትዓለም ገብረ ኪዳን በ1935 ዓ.ም. እንፍራንዝ ተወለዱ። ጎንደር አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. ባሕር ዳር መጥተው በአንድ የጀልባ መሥሪያ ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1958 ዓ.ም. ከአቶ አዘዘ ወልደ ገብርኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ድርጅቱ ለጣና ደሴቶች አዲስ የሰው ማመላለሻ ጀልባ ሊሠራ ሲነሣ፣ ካፒቴኖቹ፣ መካኒኮቹ፣ ነጋዴዎቹና የጤና ሠራተኞቹ ጀልባው ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ በየፊናቸው ጽፈው አመጡ። ወረቀቱ በየቢሮው እየታረመ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እያንዳንዱን ፍላጎት በየካርዱ ገልብጠው፣ ማን እንደጠየቀውና ከየትኛው ካርድ ጋር እንደሚያያዝ ጽፈው፣ ሁሉም ከፍቶ በሚያየው አንድ ሣጥን ውስጥ አሰባሰቡት። ሥራው አድካሚ ነበር፤ አንዱ ሲለወጥ ተያያዡን መፈለግ፣ በየስብሰባው ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ማስረዳት።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ጀልባው ለአብዮቱ በዓል እንዲደርስ ሲጣደፍ፣ የሥራ ኃላፊው “ጓድ ፀሐይወርቅ፣ ሰባ ሰው ይጭናል የሚለውን ካርድ መቶ ያድርጉት፤ ቁጥር ብቻ እኮ ነው” አሏቸው።

እሳቸውም “ሰው ሲጨመር ክብደቱም፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያውም ይለወጣል። እነዚያ ሳይለወጡ ይህን አልለውጥም። ደክሞኛል፤ ግን አልለውጥም” አሉ።

ሥራ ያጓትታሉ ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ጀልባውን እንዲነዱ የተመደቡት ካፒቴን ቢያዝን ግን ካርዶቹን አይተው “መቶ ሰው አልጭንም” ስላሉ፣ ጀልባው በመቶ ሰው ክብደት ልክ አሸዋ ተጭኖ ወደቡ ላይ ተሞከረ። ገመዱ ገና ሳይፈታ በአንድ ጎኑ ውኃ አስገባ። ቁጥሩም በሰባ ጸና። ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ወደ ቀድሞ ቦታቸው የመለሳቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በ1977 ዓ.ም. ልጃቸው አንዷለም ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ወሬው ከጠፋ ወዲህ እንቅልፍ ራቃቸው፤ የኩላሊት ሕመምም ተጨመረባቸው። ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ አዘዘ፣ ሴቶች ልጆቻቸው አገርነሽና ሰብለ በመካከላችን አሉ።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አንዷለምም ያለበት ቦታ ሆኖ መርዶው ሲደርሰው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አያሳጣው።