ፊት የምትሄደው ላም

ውድ ፊንታን፣

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ድሪሚንን ለቄራ ሸጥክብኝ። አልጠየቅኸኝም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ዓመት ፅንስ አልያዘችም፣ የማትወልድ ላም በነጻ አትቀለብም አልክ። እኔም ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩህ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ብርዱና ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የኮረብታው ድንጋይ ገና የበጋውን ሙቀት ይዞ ሳለ፣ እንደ ወትሮው መንጋውን ወደዚያ ልሰድ ለመግቢያ ያህል ካቡን አፈረስኩ። አንዷም አልገባችም። መግቢያው ላይ ተኮልኩለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሁልጊዜ ፊት የምትሄደው ድሪሚን ነበረች፤ በድንጋዩ ስንጥቆች መካከል የሚረገጠውንም፣ ምንጩንም የምታውቀው እሷ ናት። በዱላ ብነዳቸው እግራቸው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ታች ባቆያቸው ሜዳው ጭቃ ነው፤ እርጉዞቹ ከስተው ለመውለጃቸው አቅም ያጣሉ።

ጎረቤታችን አትራክታ ካቡን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣ «አያ ማላኪ፣ መሪያቸውን ሾርባ አድርጋችሁ ሰልፍ ትጠብቃላችሁ?» አለችኝ። ልጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ልላት አሰብኩና ተውኩት። የቤት ገመና ለጎረቤት አይነገርም።

አመሻሹ ላይ አንዷ ከኋላ እየተጋፋች መጣች። አንካሳዋ ጊደር ናት፤ የድሪሚን የመጨረሻ ልጅ። ስትወለድ አትተርፍም፣ በከንቱ አትድከም ብዬህ፣ አንተ ምድጃው አጠገብ አስተኝተህ በጡጦ ያሳደግካት። ከእናቷ ጅራት ሥር ሳትለይ ነው ዳገቱን የተማረችው። መግቢያውን አሸተተች፤ አንካሳ እግሯን አንስታ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት።

«ፊንታን ይህን ቢያይ» አለች አትራክታ። እኔ ካቡን መልሼ መካብ ጀመርኩ።

በመጋቢት አንካሳዋ እዚያው ኮረብታው ላይ ወለደች። ጥጃዋን ጎትቶ ያዋለዳት ሰው የለም። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ጀርባዋ ላይ የአያቷ ነጭ መስመር አለ። ስም አላወጣሁላትም። የእናቷንም ስም ያወጣኸው አንተ ነህ።

ትክክል ነበርክ አልልህም። ጉልበቴ ግን ዳገቱን እንደ ድሮው አይወጣውም፤ በሚመጣው ጥቅምት ካቡን የሚያፈርስ ሰው ያስፈልገኛል፣ ሌላ ሰው ደግሞ አልፈልግም። ከገልዌይ ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ዛሬም መስቀለኛው መንገድ ላይ ይቆማል። ደጄን እንዳትረግጥ ያልኩህን አንስቻለሁ።

ስትመጣ ስለ ድሪሚን አንድ ቃል እንዳትተነፍስ፣ ይቅርታም ቢሆን። እኔም ከዚህ ደብዳቤ ወዲያ እስክሞት አላነሳውም።

አባትህ ማላኪ