ያልነቀልኩት ትል

ውድ ሩዌን፣

ይኸው ጻፍኩልህ። እጄ ጭቃ ለመጫር እንጂ ብዕር ለመያዝ አልተፈጠረም፤ አትሳቅብኝ።

ከሄድክ አራት ወር ሆነ። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወርጄ ለዓሣ አጥማጆቹ ትል እነቅላለሁ። አሁንም በመላው ናይስና እኔን የሚያህል ነቃይ የለም። ምንም አይሰማኝም፤ እሱ ብቻ ነው የሚገርመኝ።

እናትህ ግን መሞትህን አላመኑም። ሬሳህ ስላልተገኘ "የሙታን ጸሎት የሚባል ነገር እንዳልሰማ!" ብለዋል። "ኬፕታውን ሄዶ ነው ያ ዱርዬ፣ ሲርበው ይመጣል" ይላሉ። እሁድ እሁድ ሳህንህን ያስቀምጣሉ። እኔን ሲያዩኝ "አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ ኬርዊን?" ይሉኛል። የትል ባልዲዬን አንስቼ እሄዳለሁ።

ያን ቀን "እኔ ሃምሳ ትል ነቅያለሁ፣ አንቺስ ሴትዮ?" ያልኩህን እንዴት ልንገራቸው? "ቆይ፣ ጥልቁ ዳር ያሉት ይወፍራሉ፣ አሳይሃለሁ!" ብለህ ሄድክ። ባሕሩ ሲመለስ እዚያ ውሃው በኋላ በኩል ዞሮ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ትሎቹን የምታጠና አንዲት ሴትዮ ከዩኒቨርሲቲ መጣች።

"ትሉን በምን ትለየዋለህ?"

"እኔ? ዓይኔን ጨፍኜ! ቤቱ እንደ ቱቦ ከጭቃው ብቅ ይላል፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። የዛጎል ስባሪ፣ ሣር፣ ያገኘውን ሁሉ ይለጥፍበታል። ትሉ ሲወጣ ራሱ ላይ አምስት ቀንድ አለው፣ ግርጌያቸው ቀለበት ቀለበት የሠራ። መተንፈሻው ደግሞ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ።"

"ፕሮፌሰር ነህ እኮ!" አለች እየጻፈች።

"ተሳስቼ አላውቅም።"

ጥልቁ ዳር አንዱን ላሳያት ጎንበስ አልኩ። ቱቦው ላይ፣ ከዛጎሉ መሃል፣ አረንጓዴ ቁልፍ ተለጥፏል። የጃኬትህ። እናትህ በቀይ ክር የሰፉልህ፣ እኔ "የሴት ቁልፍ" እያልኩ የሳቅኩብህ። ክሩ አሁንም አለ።

"ምነው? ንቀለዋ!"

"ይሄ ሌላ ዓይነት ነው።"

"አሁን የነገርከኝን ሁሉ ይመስላል እኮ።"

"ሌላ ነው አልኩሽ!"

አጠገቡ ዱላ ተክዬ ተመለስኩ። እሁድ ረፋድ ላይ ባሕሩ ሩቅ ይሸሻል። እናትህን ክንዳቸውን ይዤ አመጣቸዋለሁ። ቁልፉን ከማየታቸው በፊት ግን፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ አንተን ማን እንደላከህ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አንተም አታውቅም። ያን ቀን እኔ የነቀልኩት አርባ አንድ ብቻ ነበር።

ጓደኛህ
ኬርዊን