ጨው የሌለበት ሳህን

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን

ውድ አክስቴ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ፊት ለፊትሽ ብሆንማ፣ ታውቂኛለሽ፣ ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

ምግብ ቤታችን ደንበኞቹን በምግብ ዝርዝሩ ላይ ምን እንዲጨመር እንደሚፈልጉ በወረቀት ሲጠይቅ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ዘይትና ጨው ያልበዛበት፣ ለጤና የሚስማማ ምግብ ብለው ጻፉ። አንቺ ደስታሽን የምታደርጊበት አጣሽ። ያንን የአትክልት ቅቅል ያወጣሽው ያኔ ነው።

አንቺ ፊትሽ ወደ ምድጃው ስለነበር የሚመለሰውን ሳህን አታዪም ነበር። የማጥበው እኔ ነኝ። ያዘዙት ሰዎች ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይተዉት ነበር። ከጎናቸው ከተቀመጠው ሰው ሳህን የተጠበሰ ድንች ሲያነሱም በመስኮቱ አይቻለሁ። «ወደዱት?» ስትዪኝ ግን አንጀቴ አልቻለም፤ «ወደዱት» አልኩሽ። ከዚያ ውሸቴን እውነት ላደርገው ፈለግኩ። ሳህን ላይ የማወጣው እኔ ስለሆንኩ፣ ሥጋ ከተጠበሰበት መጥበሻ ጨዋማውን ዘይት አንድ አንድ ጭልፋ አፈስበት ጀመርኩ። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለስ ነበር። አንቺም «አየሽ፣ ሰው ጤናውን ይወዳል» እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር።

ለካ ከልባቸው የፈለጉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረተኛው መምህር። ደም ግፊት ስላለባቸው አንቺን አምነው በየቀኑ ይበሉ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ አለቃችን ከሳህናቸው ቀምሰው ኩሽና ገቡ። በሰው ፊት የተናገሩሽን እዚህ አልደግመውም። አንቺ አልተከራከርሽም። እጅሽን አገላብጠሽ አየሽና፣

«ጨምሬ ረስቼው ይሆናል። አርጅቻለሁ ማለት ነው» አልሽ።

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቧንቧውን እንኳ አልዘጋሁትም።

መምህሩ ድነዋል። አንቺ ግን ከሥራ ወጥተሽ ወንድምሽ ቤት ከሄድሽ ወዲህ «እጄን አላምነውም» ብለሽ ምድጃ አጠገብ እንደማትደርሺ ሰማሁ። ክፍላችን ሰፍቶብኛል። ዛሬም ተሳስቼ ለሁለት ሰው ቀቀልኩ።

አክስቴ፣ እጅሽ አልሳተም። አልረሳሽም። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ነገ ጠዋት ምድጃው ሳይለኮስ ለአለቃችን በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ። ከዚያ መምህሩ ቤት ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። ቃል ከጠፋኝ ይህንኑ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፤ ከእሳቸው ስወጣ ወደ እናንተ ለሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እንዲያደርስልሽ እሰጠዋለሁ።

ያሳደግሻት