የአንድ ዶላር እንቁላል ላስፈራው የሥጋት ክፍል

ይድረስ፣ በጻፉልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ግርጌ ስማቸውን ከትሕትና ብዛት ላልገለጹት፣ ለካርድ ክፍያ ድርጅቱ የሥጋት ምዘና ክፍል ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ እንደ እኔ ያሉ አደገኛ ሰዎች በየገጠሩ ተበትነው እያሉ እርስዎ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጉት ሳስበው ከልቤ ስለማዝንልዎ ነው። እኔና ባለቤቴ ዴልበርት፣ ከጉልበቱ ሕመምና ከእርስዎ በቀር፣ ደህና ነን።

ከአደገኞቹ መካከል የትኛዋ እንደሆንኩ ተምታቶብዎ እንደሆነ ላስታውስዎ። ዋኔታ ክራብትሪ እባላለሁ፤ በደቡብ ሚዙሪ፣ ከአውራ ጎዳናው መታጠፊያ ላይ፣ በየዓመቱ የጁን ወር ሊያልቅ ሲል ቢጫ ድንኳን ተክዬ ለነጻነት በዓል ርችት የምሸጥ ሴት ነኝ። ድንኳኑን የጀመሩት አማቴ ናቸው፤ እሳቸው ሲደክሙ እኛ ተረከብን፤ ዴልበርትም ጉልበቱ የጭነት መኪና መንዳት ከከለከለው ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው በእነዚያ ጥቂት ቀናት የምንሸጠውን ነው። ሸቀጡን የምናመጣው ድንኳኑ የሚተከልበትን የመንገድ ዳር መሬታችንን ለባንክ በመያዣነት እያስያዝን ስለሆነ፣ በዓሉ ከከሸፈ መሬቱም አብሮ እንደሚሄድ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ነው። ለእርስዎም ቢሆን ደጋግሜ ጽፌልዎ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደብዳቤዬ “ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነዎት” የሚል ምላሽ በደቂቃ ውስጥ ስለሚደርሰኝ፣ ዴልበርት እንኳ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ይህን ያህል አላለኝምና፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ከምስጋናው ጎን ለጎን ጥቂት ቅሬታዎቼን በወረዳችን ጋዜጣ ላይ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ በካርድ ክፍያ እንድቀበል ያቀረብኩትን ማመልከቻ ተቀብለው ከጠንቋዮች፣ ከቁማር ቤቶችና የብልግና ፊልም ከሚሸጡ ሰዎች ጋር በአንድ ረድፍ “ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ንግድ” ብለው ስለመደቡኝ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ዐሥርቱን ትእዛዛት የማስተምር ሴት፣ በስተርጅናዬ እንዲህ ያለ ዝና ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዴልበርትማ ጫማዬን ባጠለቅሁ ቁጥር “ወዴት ነው ደግሞ አደገኛዋ?” እያለ ሰንብቷል። የግዛቱ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ በየዓመቱ ሜትሩን ይዞ መጥቶ ከድንኳኑ እስከ መንገዱ ያለውን ርቀት ለክቶ፣ የውሃ በርሜሎቹን አይቶ፣ ፈቃዱን ፈርሞ፣ አንድ ብርጭቆ ሎሚናት ጠጥቶ ይሄዳል። ባሩዱ አጠገብ ቆሞ ያልፈራውን ሰው ድፍረት ሳይ፣ ርችቱን አይተው ሳያውቁ ከቢሮዎ ሆነው የፈሩልንን እርስዎን ምን ያህል እንደምናሳስብዎ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ ከሌላው ነጋዴ ከሚቆረጠው በላይ ከእኔ ስለሚቆረጠው፣ ከቀረውም ላይ “ለእርስዎው ደህንነት” እየተባለ ለግማሽ ዓመት ስለሚያዘው ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ለቤት ማሞቂያ የሚሆነው ጋዝ የሚገዛው ብርዱ ሳይገባ ስለሆነና የያዙልን ገንዘብ የሚለቀቀው ብርዱ ከገባ ከሰነበተ በኋላ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሶ እራት መብላትን ተምረናል። ያልተከፈለበት ትምህርት ዋጋ የለውም ይባላልና ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ስለ ካርድ ማሽኑ ነው። አምና፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰዉ ከድንኳኑ ወጥቶ እስከ መንገዱ ተሰልፎ ሳለ የካርድ ማሽኑ ቀጥ አለ። ስልክ ደውዬ፣ ሙዚቃችሁን በትዕግሥት ካዳመጥኩ በኋላ፣ አንድ ጨዋ ወጣት አነሳልኝና ለአሥራ አንድ ወር ምንም ያልሸጠ ሱቅ በአንድ ቀን ይህን ያህል መሸጡ አጠራጣሪ ስለሆነ ሒሳቡ መታገዱን ነገረኝ። ለምን ሽያጩ በድንገት እንደጨመረም ጠየቀኝ።

“ልጄ፣ ከነገ ወዲያ እኮ ጁላይ አራት ነው” አልኩት።

“ለዚህ ማስረጃ አለዎት?” አለኝ።

እኔም ትእዛዝ አክባሪ ስለሆንኩ ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን ነቅዬ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የቀን መቁጠሪያው ደንበኞቹን በሚወደው በጎረቤታችን በቨርነን ሳይፕስ የከብት መኖ መደብር የተሰጠን ነበርና፣ “ሰነዱ የሌላ ድርጅት ስም ስላለበት ተቀባይነት የለውም” የሚል መልስ ላኩልኝ። ማሽኑ የተከፈተው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጁላይ ስድስት ላይ ርችት የሚገዛ ሰው ቢያውቁ አድራሻውን ይላኩልኝ፤ ወሮታውን እከፍላለሁ። ባንኩ ያን ዓመት አንድ ጊዜ ታገሠን፤ ሁለተኛ እንደማይታገሥም በግልጽ ነገረን።

አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ምክር ላይ ስለሆነ በይቅርታ ነው የማነሣው። ያው ጨዋ ወጣት፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ኖሮ የበዓሉ ሽያጭ ድንገተኛ አይመስልም ነበር ብሎ መከረኝ። ሕጉ ግን እንደ እኔ ላለ ባለ ድንኳን ርችት መሸጥ የሚፈቅደው ለነጻነት በዓልና ለአዲስ ዓመት ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ ብርድ ምን ልሽጥ ብዬ ዙሪያዬን ስመለከት ያሉኝ ዶሮዎች ብቻ ሆኑ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ላስረዳዎ ይገባኛል። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ለጎረቤት እንቁላል አይሸጥም። እንቁላል የተረፈው ሰው ካርቶኑን ከደጃፍ ያስቀምጣል፤ የበላውም ሰው በጊዜው ባዶውን ካርቶን ከጥቂት ቲማቲም ጋር ይመልሳል፤ ቲማቲም ከሌለውም ካርቶኑ ይበቃል። ለጎረቤት እንቁላል ዋጋ መጥራት ለሞተ ሰው መቃብር ቆፍሮ ሒሳብ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ እኔ ግዙኝ ማለቱን አፍሬ ሳለ፣ ጭንቀቴን ከዴልበርት የሰማው ያው ቨርነን፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጋራ ምሳ ላይ ሹካውን በብርጭቆው ላይ አንኳኩቶ ተነሣ።

“የዋኔታ ማሽን እንዳይሞትባት በሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ” አለ። “ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው እንቁላል አያይም።”

ክቡር ሆይ፣ መጡ። ከአምልኮው በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በምግብ ሳህኖቹ መካከል ማሽኑን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌዎቹ፣ መዘምራኑ፣ ሰባኪው ራሳቸው ከነባለቤታቸው ተሰለፉ። የገበያውን ዋጋ ልጥራ ብል አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ደርዘኑን በአንድ ዶላር አልኳቸው። ዓይናቸው የደከመ አሮጊቶች የምሥጢር ቁጥራቸውን እየተሳሳቱ ደጋገሙት፤ አንዳንዱም “ይሄ ደግሞ ለእኅቴ” እያለ ተመልሶ ተሰለፈ። እንቁላሉ አለቀ፤ ሰልፉ ግን አላለቀም፤ የቀሩት ባዶ ካርቶን ገዝተው ሄዱ። እኔም ያን ቀን፣ ሰው አለኝ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተወድጄ አላውቅም።

በማግስቱ ሒሳቤ መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ብዙ ካርድ፣ አንድ አንድ ዶላር፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት፣ የተሳሳተ ቁጥር ተደጋግሞ፤ ለካስ ሌቦች የሰረቁትን ካርድ የሚሞክሩት ልክ እንደዚህ ኖሯል። የከብት መኖ ነጋዴውና የሰባኪው ባለቤት ይህን ዘዴ ከየት እንደተማሩት እስከ ዛሬ እየመረመርኩ ነው። ስሜም እንደ እርስዎ ያሉ ድርጅቶች ሁሉ ከሚያዩት የጥፋተኞች መዝገብ ላይ ለአምስት ዓመት ሰፈረ፤ ሌሎቹን ብለምንም መዝገቡን ገልጠው በሩን ይዘጉብኛል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። እንደገና ስደውል ያው ወጣት አነሳልኝ፤ ባለ ካርዶቹን በሙሉ ስልኩ ላይ እንዳቀርብለት ስለምነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እማማ፣ እንቁላሉን እኔ አምናለሁ፤ ግን እዚህ ስክሪን ላይ እንቁላል የሚጻፍበት ቦታ የለም” አለኝ። ይህን ልጅ እባክዎ አያባርሩት። በመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ድንኳኑን “በጥሬ ገንዘብ ብቻ” ከሚል ማስታወቂያ ጋር ተከልነው። ከከተማ የሚመጡት ቤተሰቦች ዘንቢላቸውን ሞልተው ይቀርቡና አባትየው ቦርሳውን ሲከፍት ካርድ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ልጆቹ እያዩ ርችቱን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው። የገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለበትን ከተማ መንገድ አሳየናቸው። “አሁን እንመለሳለን” ብለው ከሄዱት ውስጥ የተመለሰችው አንዲት ሴት ናት፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት። የቀረውን ሸቀጥ በግማሽ ዋጋ ለትልቁ የርችት መደብር ሸጥነው። በእኔ እጅ አደገኛ የነበረው ርችት እዚያ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ጨዋ ሆኗል፤ በካርድ ይሸጣል። ያገኘነውም ለባንኩ አልበቃም።

ድንኳኑን ስናፈርስ ቨርነን ሊያግዘን መጣ። ሸራውን አጣጥፎ ከጨረሰ በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

“ዋኔታ፣ ያቺ እሑድ ናት አይደል ያጠፋችሽ?” አለኝ።

መዋሸት ነበረብኝ፤ አልቻልኩበትም። “አንተ አይደለህም” አልኩት።

“ሐሳቡ የማን ነበር ታዲያ?” ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የኋለኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ምሳው ሳይቀርብ ይወጣል። ቤታችን አይመጣም። የዶሮ መኖ ግን በራችን ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ብከፍለው አይቀበልም፤ ብጣራ አይዞርም። አርባ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ነው። ክቡር ሆይ፣ መሬቱ መሬት ነው፤ ይህ ግን አንጀቴን በልቶታል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ማሽኑን አልፈልግም፤ የያዙትንም ገንዘብ ይያዙት። ለቨርነን ሳይፕስ፣ በከብት መኖ መደብሩ አድራሻ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። የእኔን ቃል እንደ ይሉኝታ ቆጥሮታል፤ የእርስዎን ግን፣ ማኅተም ስላለበት፣ ያምነው ይሆናል። እንደማይጽፉም አውቃለሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። ለዚያም ነው ይህ ደብዳቤ ከጥጆች የገበያ ዋጋ አጠገብ እንዲወጣልኝ አዘጋጁን የለመንኳቸው፤ ቨርነን ከጋዜጣው ሌላውን ገጽ አያነብምና። ቨርነን፣ እዚህ ከደረስክ፣ እሑድ ከፊት ወንበር ቦታ ይዤልሃለሁ።

ለእርስዎ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ገበታዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎ ከርችት ድምፅ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ላደረጉልኝና ወደፊትም ሊያደርጉልኝ ለሚያስቡት ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በመዝገብዎ የታወቀችው አደገኛ፣
ዋኔታ ክራብትሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የመንገድ ዳሩ መሬታችን በሚመጣው ወር በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጁን የሚመሩት ሰው፣ ከዚህ በፊት አንድም ነገር ሸጠው በማያውቁበት ስፍራ፣ የሰው ዕድሜ ልክ ንብረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሸጠው የሚጨርሱ ቢሆንም፣ በካርድ መቀበያ ማሽን በኩል ምንም ችግር እንደሌለባቸው አረጋግጠውልኛል። ባመለከቱበት ቀን የፈቀደላቸው የእርስዎ ክፍል ነው።